በመስቀል አደባባይ ዙሪያ የሬዲየስ ታሪክ

ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ደመራ የሚያበሩበት፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ የአፍሪካ አዳራሽና የአዲስ አበባ ስታዲየም በቅርብ ርቀት የሚጎራበቱበት መስቀል አደባባይ፣ በአንድ ወገኑ ከሜዳው ጀምረው ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ እየተነሡ የሚሄዱ ቅስት እርከኖች አሉት። ሕዝብ ለበዓል ይቀመጥባቸዋል፤ ማለዳም ወጣቶች ይሮጡባቸዋል፤ ሠሪው ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መወሰን ነበረበት፤ ይኸውም ቅስቱ ከየትኛው ማዕከል እንደሚነሣና ከዚያ ማዕከል ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ይህ ርቀት፣ የዘመናችን ነዳፊዎች ሬዲየስ የሚሉት፣ በሥራው ሁሉ ላይ የሚሠለጥን ነውና፣ ታሪኩን መጻፍ የተገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የክብ ሥርዓት ጥንታዊ ነው። ግሪካዊው ሊቅ አውክሊድስ ከልደተ ክርስቶስ 300 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በጻፈው መጽሐፉ፣ ማዕከልና ርቀት ከተሰጡ ክብ መሣል ይቻላል የሚለውን እንደ መሠረት አድርጎ ተቀብሎታል። በአገራችን ግን ይህ ጥበብ በመጽሐፍ ሳይሆን በገመድ ይኖር ነበር። ግንበኛው መሬቱን ከደለደለ በኋላ በመካከሉ ችካል ይተክላል፤ በችካሉም ላይ ገመድ አሥሮ ጫፉን ከጠቆመ እንጨት ጋር ይይዝና ሳያላላ ይዞራል፤ እንዲህ ሲዞር መሬቱ ላይ የሚቀረው ጭረት የግድግዳው መሠረት ይሆናል። ገመዱ የረዘመ እንደሆነ ቤቱ ይሰፋል፣ ያጠረም እንደሆነ ይጠባል፤ ችካሉ የተነቃነቀ እንደሆነ ግን ክቡ ይጣመማል፤ ከዚህም የተነሣ የሠሪው ጭንቀት ሁሉ በማዕከሉ ላይ ነበር።

ክብ ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያ በስፋት የተሰራጨው ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ ያሉት የዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና የናርጋ ሥላሴ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ምእመናኑና ካህናቱ እንደ ሥርዓታቸው የሚቆሙባቸው ሦስት ክፍሎች፣ ማለትም ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያ ቀጥሎ ቅድስት፣ በመካከልም ታቦቱ የሚኖርበት መቅደስ ይገኛሉ፤ ከሦስቱም የውስጠኛው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው። በክብ ውስጥ አራት ማዕዘን ማስቀመጥ ለሠሪው የማይታለፍ ገደብ ያመጣበታል፤ የመቅደሱ ጎን 10 ሜትር ቢሆን፣ ከማዕከሉ እስከ ማዕዘኑ ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ይበልጣልና፣ የቅድስቱ ግድግዳ ከዚህ ባነሰ ሬዲየስ ሊሣል አይችልም፤ ካህናት የሚያልፉበትም መንገድ ሲጨመርበት ይበልጥ ይረዝማል። ስለዚህ የውስጡ ሥርዓተ አምልኮ የውጭውን መጠን ያዝዝ ነበር፤ ይህንን ያለ ወረቀት ንድፍ ያከናወኑትን ሠሪዎች ማክበር ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

አደባባዩም በታሪኩ መካከል ስሙንና መልኩን ለውጧል። በ1966 ዓ.ም. ከተነሣው አብዮት በኋላ አብዮት አደባባይ ተብሎ ለሰልፍና ለስብሰባ እንዲመች ተደርጎ የተቀረጸ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ይሠራ የነበረው ሃንጋሪያዊ አርክቴክት ካሮይ ፖሎኒ በንድፉ ተሳትፏል፤ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ወደ ቀደመ ስሙ ተመለሰ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት ታድሷል። እርከኖቹ ጎን ለጎን ሳይጠባቡና ሳይሰፉ እንዲሄዱ ከተፈለገ ማዕከላቸው አንድ፣ የሬዲየሳቸውም ልዩነት እኩል ሊሆን ይገባል። ረድፉ ግማሽ ክብ ቢሆን፣ በ1 ሜትር ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ርዝመቱ በ3.14 ሜትር ያድጋል፤ የላይኛውም ረድፍ ከታችኛው እጅግ የሚረዝመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአደባባዩ አጠገብ ያለው ስታዲየም፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበት ሜዳ፣ ስለ ሬዲየስ ሌላ ትምህርት ያስተምረናል። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ሥርዓት ለሩጫ መም የሚያዝዘው የቅስት ሬዲየስ 36.50 ሜትር፣ የቀጥታውም ርዝመት 84.39 ሜትር ነው፤ ሯጩ ግን ጠርዙን አይረግጥምና ልኬቱ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ተርቆ በ36.80 ሜትር ይወሰዳል። ሁለቱ ቅስቶች 231.22 ሜትር፣ ሁለቱ ቀጥታዎች 168.78 ሜትር ሲሆኑ፣ ድምራቸው ልክ 400 ሜትር ይሆናል። ሬዲየሱ በ10 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት አንድ ዙር ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ይዛባል፤ በዐሥር ሺህ ሜትር ውድድር 25 ዙር እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥቂት ስሕተት አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም ከመስቀል አደባባይ አጠገብ እስከ ልደታ ሁለቱን መሥመሮች በአንድ ሐዲድ ያገናኛል። ባቡር ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚገፋው ኀይል በፍጥነቱ ካሬ እያደገ በሬዲየሱ ርዝመት ይቀንሳልና፣ ፍጥነቱ እጥፍ እንዲሆን ቢፈለግ ሬዲየሱ አራት እጥፍ ሊሆን ይገባዋል። የከተማ ባቡር በጠባብ መታጠፊያ ዘግ ብሎ የሚሄደው ስለዚህ ነው።

ይህንን ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይወስኑ የነበሩት ነዳፊዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ በተቋቋመው የኢትዮ–ስዊድን የሕንፃ ትምህርት ቤት ያለፉትም ጭምር፣ ኮምፓስን በእጃቸው ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው ኢቫን ሰዘርላንድ በኤም አይ ቲ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም ግን መሥመሮቹ እንዴት ሊዛመዱ እንደሚገባ በኮምፒውተር ላይ ማዘዝ እንዲቻል አደረገ። በዛሬው ካድ በተባለው የኮምፒውተር ንድፍም ክብ በመዳፊት ተጎትቶ ሲሣል ገና ልቅ ነው፤ ሬዲየሱ ሲገደብ ግን ሌላ መሥመር ቢንቀሳቀስም እርሱ ይጸናል። ብዙ ቅስቶች እኩል እንዲሆኑ የተፈለገ እንደሆነ ለየብቻቸው ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ለአንዱ ብቻ ሬዲየስ ሰጥቶ የቀሩትን ከእርሱ ጋር እኩል ብሎ ማሰር ይሻላል፤ ቁጥሩ በኋላ ቢለወጥ ሁሉም በአንድነት ይለወጣሉና። በዚያ ላይ ያው ሬዲየስ በሌላ መንገድ ዳግመኛ ቢታዘዝ ፕሮግራሙ ገደቡ ከመጠን አልፏል ብሎ ያስጠነቅቃል።

በነገሩ ላይ የምጨምረው አንድ ቁም ነገር አለ። ሙሉ ክብ ለሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ለዐምድ ወይም ለቧንቧ፣ ከዳር እስከ ዳር መለካት ይቻላልና ዲያሜትር መስጠት ይቀናል፤ ቅስት ግን ተቃራኒ ዳር የለውምና ሬዲየስ ሊሰጠው ይገባል። ማዕከሉም በሰው ግቢ ወይም በሕንፃ ውስጥ ቢወድቅና ገመድ መዘርጋት ባይቻል፣ ቀያሹ የቅስቱን ሁለት ጫፎች በቀጥታ መሥመር አገናኝቶ የመካከሉን ከፍታ ይለካል፤ መሥመሩ 20 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር የሆነ እንደሆነ፣ የ20 ካሬ ለከፍታው 8 እጥፍ ተካፍሎ የከፍታው ግማሽ ሲጨመርበት የቅስቱ ሬዲየስ 50.5 ሜትር መሆኑ ይታወቃል።