የማያልቀው ሲኦል፦ የዱም ካርታ ሠሪዎች ሠላሳ ዓመት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1993 ኢድ ሶፍትዌር የተባለ ትንሽ የቴክሳስ ኩባንያ ዱም የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የመጀመሪያ ክፍል በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር በኩል በነፃ ለቀቀ። (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክፍሉ ዘጠኝ ካርታዎች ነበሩት፤ ቀሪዎቹን አሥራ ስምንት የፈለገ ከፍሎ ያዝዛል። በማርስ ጨረቃዎች ላይ ብቻውን የቀረ ወታደር፣ ከሲኦል የወጡ አጋንንት፣ ጠመንጃ፤ ታሪኩ ከዚህ አያልፍም። ጎበዝ ተጫዋች በቅዳሜና እሁድ ይጨርሰዋል። ጨዋታው ግን ዛሬም በየሳምንቱ አዲስ ካርታ ይወጣለታል፤ ካርታዎቹን የሚሠሩትም ባለቤቶቹ ሳይሆኑ ተጫዋቾቹ ናቸው።

ለዚህ ምክንያቱ የፕሮግራመሩ የጆን ካርማክ አንድ ውሳኔ ነው። ከዱም በፊት በ1992 የወጣውን የኩባንያውን ጨዋታ ዎልፈንስታይንን ተጫዋቾች ከፍተው መነካካት ጀምረው ነበር፤ ሆኖም አዲስ ነገር ለማስገባት የግድ የቀድሞውን ፋይል ማበላሸት ነበረባቸው። ካርማክ በዱም ላይ ሁለቱን ለያያቸው። ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ለብቻው ሆነ፤ ካርታው፣ ሥዕሉና ድምፁ ደግሞ ዋድ በሚባል ሌላ ፋይል ውስጥ ገባ። ተጫዋቹ የራሱን ዋድ ሠርቶ ከዋናው ጎን ያስቀምጣል፤ ጨዋታው ሲነሣ አዲሱ በአሮጌው ቦታ ይሠራል፤ ዋናው ፋይል ግን ምንም አይነካም። በኩባንያው ውስጥ ይህ ነገር ሥጋት ያሳደረባቸው ነበሩ። ሥጋታቸውም መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ የሚሸጡትን ዕቃ ገዢው ራሱ እንዲያባዛው እየፈቀዱ ነበርና።

ኩባንያው ካርታ የሚሠራበት ፕሮግራም ኔክስት በተባለ ውድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሚሄድ፣ ተራው ተጫዋች መሣሪያውን ራሱ መፈልሰፍ ነበረበት። በ1994 መጀመሪያ የኒውዚላንዱ ብሬንደን ዋይበርና የቤልጅጉ ራፋኤል ኪኔ በኢንተርኔት እየተጻጻፉ ዲኢዩ የተባለውን የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም አወጡ። ከዚያ በኋላ ጎርፉ መጣ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሠራው የራሱን ቤት፣ ትምህርት ቤቱን ወይም መሥሪያ ቤቱን ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ አይረቡም፤ የግድግዳው ሥዕል የተዛነፈ፣ ክፍሉ ባዶ፣ ጭራቁ ያለ ምክንያት ጥግ ላይ የቆመ። በዚያው ዓመት ግን ጀስቲን ፊሸር የተባለ ወጣት ጨዋታውን ከሥር እስከ ጫፍ ለውጦ ወደ ኤሊየንስ ፊልም ዓለም ወሰደው። የመጀመሪያው ካርታ ላይ አንድም ጠላት የለም። ተጫዋቹ ጠመንጃውን ደግኖ በባዶ ኮሪደር ይሄዳል፤ የሚያስፈራው ምንም አለመምጣቱ ነው። ከኢድ ሶፍትዌር ካርታዎች አንዱም እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልነበረውም።

ገንዘብም ወዲያው ሸተተ። ነጋዴዎች በነፃ የተለቀቁ ካርታዎችን በመቶዎች እየሰበሰቡ፣ ለሠሪዎቹ ሳይከፍሉ በሲዲ ይሸጡ ጀመር። ኢድ ሶፍትዌርም በበኩሉ በ1995 ከተመረጡ አማተሮች ካርታ ገዝቶ አሳተመ፤ በዚያው ሲዲ ላይ ግን ከኢንተርኔት የተለቀሙ ከአንድ ሺህ በላይ ዋዶችን ጨመረበት። ቲም ቲኤንቲ የተባለው ቡድን ሠላሳ ሁለት ካርታዎቹን በነፃ ሊለቅ ሲቃረብ ኩባንያው ገዛውና በ1996 የፋይናል ዱም የመጀመሪያ ግማሽ አድርጎ ለገበያ አወጣው፤ በነፃ ይጠብቁ የነበሩ ብዙዎች ተቆጡ። የሁለተኛው ግማሽ ሠሪዎች ወንድማማቾቹ ዳሪዮና ማይሎ ካሳሊ ናቸው። ዳሪዮ ኋላ ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ገብቶ በሃፍ ላይፍ ጨዋታ ላይ ሠርቷል፤ በዚያ ዘመን ጥሩ ዋድ የሥራ ማመልከቻም ነበር።

ለእኔ ግን የዚህ ታሪክ ልብ ያለው በ1997 ነው። ዮናታን ዶነርና ሃጋይ ኒቭ የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን ሄል ሪቪልድ የተባለውን የካርታ ስብስብ ለቀቁ። ቀድሞ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ጭራቅ ይገኝ የነበረው፣ እዚህ በደርዘኖች ይጠብቃል። ይህ ዝም ብሎ ጭካኔ አይደለም። ዱም የተጫዋቹን የቁልፍ ንክኪ ብቻ መዝግቦ ጨዋታውን እንደነበረ መልሶ ማሳየት ይችላል፤ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በስልክ መስመር እንኳ ይላካል። በዚህ መንገድ ካርታን በፍጥነት የመጨረስ ውድድር ተፈጥሮ፣ የአንዱን ብልሃት ሌላው እያየ ይማር ነበር። ጭራቆቹ በስሕተት ሲመታቱ እርስ በርስ እንደሚጣሉ ሁሉም ያውቃል፤ ጎበዙ ጥይቱን ቆጥቦ፣ በመካከላቸው እየተሽሎከለከለ ያፋጃቸዋል። ካርታ ሠሪውም ይህን የሚችል ሰው እንዳለ ስላወቀ ለእሱ ብሎ ይሠራል። ከዚህ ወዲያ ካርታ መጫወት ከሠሪው ጋር ክርክር መግጠም ሆነ፤ ይህ መድኃኒት ለምን እዚህ ተቀመጠ? ቀይዋን ቁልፍ ሳነሣ የቱ ግድግዳ ይከፈታል?

በዚያው ዓመት መጨረሻ ካርማክ የጨዋታውን ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ። ቡም፣ ዚዱም እያሉ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሱ አዳዲስ ኢንጂኖች መጡ፤ የቀድሞዎቹ ገደቦችም ተነሡ። ከገደቦቹ አንዱ፣ በአንድ ጊዜ የሚታዩ የወለልና የጣሪያ ገጾች ከ128 ካለፉ ጨዋታው መዘጋቱ ነበር። የሚገርመው፣ ገደቡ ከተነሣ በኋላም ወደውና ፈቅደው በውስጡ የሚሠሩ ብዙዎች መኖራቸው ነው። ቅኔ ዘራፊ ጉባኤ ቃናን ሁለት ቤት ብቻ ነው ብሎ እንደማይተወው፣ እነሱም በጠባቡ ልክ መራቀቅን መረጡ። ከ2004 ጀምሮ ምርጥ ሥራዎች በየዓመቱ በጨዋታው የልደት ወር ይሸለማሉ፤ ካኮዋርድስ ይባላል። ከተሸለሙት አንዱ እንግሊዛዊው አኒሜተር ሲርያክ ሃሪስ ብቻውን የሠራው የ2014ቱ ጎይንግ ዳውን ነው። ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ተነሥቶ ፎቅ በፎቅ በአሳንሰር ይወርዳል፤ ያስቃል፣ ያስጨንቃል፣ አንዳንዴም ያናድዳል።

ከዋናዎቹ ሠሪዎች አንዱ ጆን ሮሜሮ በ2016 ወደ ዱም ተመልሶ፣ በ2019 ሲጂል የተባለ የካርታ ስብስብ አወጣ፤ በ2022 ደግሞ ለዩክሬን እርዳታ አንድ ካርታ በአምስት ዩሮ ሸጠ። ሲጂል ጥሩ ነው። ስሙ የማይታወቅ ሰው ቢለቀው ግን ከዓመቱ ጥሩ ሥራዎች አንዱ ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ተማሪዎቹ መምህሩን ከቀደሙት ቆይተዋል። በ2023 የወጣው ማይሃውስ ለዚህ ምስክር ይሆናል። ሲከፈት ተራ የመኖሪያ ቤት ካርታ ይመስላል። ተጫዋቹ ደረጃውን ወጥቶ ሲመለስ ግን ቤቱ ያው ቤት አይደለም። የመጀመሪያው የዱም ኢንጂን ክፍልን በክፍል ላይ መደራረብ አይችልም ነበር፤ ማይሃውስ ፎቁን ከአዲሶቹ ኢንጂኖች በአንዱ አቁሞ ተጫዋቹን ሳያሳውቀው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

በ2024 የጨዋታው የዛሬ ባለቤት ዱምን አድሶ ሲያወጣ፣ የተጫዋቾችን ካርታ እዚያው ጨዋታው ውስጥ መፈለጊያ ጨመረበት። በሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ሰው ፋይል ማውረድ ሳይማር የሠላሳ ዓመቱን ሀብት ማየት ይችላል። ነገር ግን በሩ በተከፈተ በቀናት ውስጥ ሰዎች የሌሎችን ሥራ ሳያስፈቅዱ፣ አንዳንዶቹም በራሳቸው ስም እየጫኑ ተገኙ፤ ካርታ ሠሪዎቹም ስማቸው እንዲመለስ፣ ካርታቸው እንዲነሣ አቤቱታ ጀመሩ።