በቁም ሳይነገር የቀረ ቃል

አንድ ጊዜ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። የተጣሉት አባታቸው ትተውላቸው ባለፉት ቤት ነው። ታላቁ፦ «አባቴ ለኔ ነው ብለውኛል» ይላል፤ ታናሹም፦ «አስታምሜ ዐይናቸውን የከደንሁ እኔ ነኝ፤ በመጨረሻው ሌሊት ለኔ ሰጥተውኛል» ይላል። ምስክር ብንጠይቅ አልተገኘም። አባትዮው ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን በፊታቸው የሞት ወሬ እንዲነሣ አይወዱም ነበርና ሳይናዘዙ ዐረፉ። እኛም ሦስት ቀን ደክመን ሳናስታርቃቸው ተነሣን። ወደ ቤቴ ስመለስ ስለ ጥንታውያን የቻይና ነገሥታት ያነበብሁት ታሪክ ትዝ አለኝ፤ በዚህ ነገር አንድ ቤትና አንድ ታላቅ መንግሥት እንደማይለያዩም ተረዳሁ።

በቻይና የአልጋ ውርስ ያለ ሥርዐት የሚካሄድ አልነበረም። በጥንቱ በሻንግ ሥርወ መንግሥት ዙፋኑ ብዙ ጊዜ ከወንድም ወደ ወንድም ይተላለፍ ነበር። ከነሱ በኋላ የተነሡት የዦው ነገሥታት ግን ከዋናዪቱ ሚስት የተወለደ የበኵር ልጅ ይውረስ የሚለውን ሥርዐት አጸኑ። የዚህም ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ብልኅነት ይመዘን ቢባል ሁሉም እኔ እበልጣለሁ ይላል፤ በልደት ቀን ግን ክርክር የለም። ነገር ግን ሥርዐት ብቻውን አይበቃም፤ አባት በጊዜው ቃሉን በአደባባይ ካልተናገረ ሥርዐቱ አፍ እንደሌለው ምስክር ነው።

ለዚህ የቺን መንግሥት ምሳሌ ይሆነናል። የቺን ንጉሥ ዤንግ ስድስት ተቀናቃኝ መንግሥታትን ድል አድርጎ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ዓመት ቻይናን አንድ ካደረገ በኋላ «ቀዳማዊ ንጉሠ ነገሥት» ተባለ። ተከታዮቹም ዳግማዊ፥ ሣልሳዊ እየተባሉ እስከ ዐሥር ሺሕ ትውልድ እንዲቈጠሩ ዐወጀ። ለዐሥር ሺሕ ትውልድ ያሰበው ይህ ሰው ግን ሁለተኛው ማን እንደሚሆን በአደባባይ ሳይሠይም ቀረ። የማያሞት መድኀኒት የሚፈልጉ ሰዎችን ወደ ባሕር ይልክ ነበር እንጂ በፊቱ ስለ ሞት ሊናገር የሚደፍር አልነበረም።

የበኵር ልጁ ፉሱ በሊቃውንት ላይ ቅጣት እንዳይጸና አባቱን ቢመክር፥ አባቱ ተቈጥቶ ወደ ሰሜን ጠረፍ፥ ወደ ጦር አለቃው ወደ ሜንግ ትየን ሰደደው። ንጉሠ ነገሥቱም በ210 አገሩን ሲጐበኝ በመንገድ ላይ ታመመ። ሞት እንደ ደረሰ ሲያውቅ ለፉሱ ደብዳቤ አጻፈ፤ ነገር ግን ደብዳቤው ሳይላክ ሞተ። ማኅተም ጠባቂው ዣው ጋው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሊ ሲ ጋር ተማክሮ ያን ደብዳቤ ሰወረና፥ ታናሹ ልጅ ሁሃይ እንዲነግሥ፥ ፉሱም ራሱን እንዲገድል የሚያዝ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። የንጉሡም ሞት እንዳይታወቅ፥ የሬሳውን ሽታ ለመሸፈን ጨው የገባበት ዓሣ በሠረገላ አስጫኑ። ሜንግ ትየን ነገሩን ጠርጥሮ አስቀድሞ ይጣራ ቢል፥ ፉሱ የአባትን ትእዛዝ መልሶ መጠየቅ አይገባም ብሎ ራሱን ገደለ። ሁሃይም ነግሦ ወንድሞቹን ፈጀ፤ በ207 ግን በዚያው በዣው ጋው ተንኰል ተገድዶ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ፤ በ206 መንግሥቱ ፈረሰ። ለዐሥር ሺሕ ትውልድ የታሰበው 15 ዓመት ብቻ ቈየ።

ይህን ታሪክ ያቈየልን ነገሩ ከሆነ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ የጻፈው ሲማ ቺየን ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ባገኘው በቀርከሃ ላይ የተጻፈ ጥንታዊ ጽሑፍ፥ ሁሃይን የመረጠ ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ ነው ይላል። አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ አንድ አባት ቃሉን በሰው ፊት ባለመናገሩ ክርክሩ ከ2200 ዓመት በኋላ እንኳ አልተቈረጠም።

ከቺን በኋላ የሃን ሥርወ መንግሥት ተነሣ። መሥራቹ ሊዩ ባንግ ከእቴጌ ሉ የወለደውን ልጅ አልጋ ወራሽ አድርጎ ሠየመ። በኋላ ግን ከሚወዳት ዕቁባት የተወለደውን ሩዪን በመውደድ ቃሉን ለማጠፍ አሰበ። ከመኳንንቱም ዦው ቻንግ የሚባል ኰልታፋ ሰው፥ አንደበቱ እየተያዘበት፥ ይህ የማይገባ እንደ ሆነ በድፍረት ተናገረ፤ ንጉሡም ከብዙ ማመንታት በኋላ ሐሳቡን ተወ። ነገር ግን ማመንታቱ ራሱ መርዝ ሆነ። እቴጌይቱ የልጇን አልጋ ሊወስድ የነበረውን ሕፃን አልረሳችም።

ንጉሡ በ195 ሲሞት ልጇ ሁዊ ነገሠ። ይህ ወጣት ርኅሩኅ ነበርና እናቱ ሩዪን ልትገድለው እንደምትሻ ዐውቆ አብሮት እየበላ፥ አብሮት እየተኛ ይጠብቀው ነበር። አንድ ማለዳ ግን ወደ አደን ሲወጣ፥ ሩዪ ልጅ ነውና በማለዳ መነሣት አቅቶት ተኝቶ ቀረ። ሁዊ ሲመለስ ወንድሙ በመርዝ ሞቶ አገኘው። እናቱ በሩዪ እናት ላይ ያደረገችውንም ጭካኔ ባየ ጊዜ ታመመ፤ መንግሥቱንም ንቆ በ188 ሞተ። እነዚህ ወንድማማቾች አልተጣሉም ነበር፤ ያለያያቸው የአባታቸው ቃል መወላወል ነው።

እቴጌ ሉ በሕፃናት ነገሥታት ስም ስትገዛ ቈይታ በ180 ሞተች። መኳንንቱም ወገኖቿን አጥፍተው የሊዩ ባንግን ልጅ ወንን አነገሡ። ወን በነገሠ በዓመቱ መኳንንቱ አልጋ ወራሽ ይሠየም አሉት። እርሱም ከኔ ልጅ የሚሻል በዘመዶቼ መካከል አለ ብሎ አስቀድሞ እንቢ አለ፤ በኋላ ግን ምክራቸውን ተቀብሎ ልጁን በአደባባይ ሠየመ። ከ20 ዓመት በላይም ገዝቶ በ157 ሲሞት ቀብሩ ያለ ብዙ ወጪ እንዲሆን፥ ሕዝቡም በረዥም ኀዘን እንዳይቸገር ተናዘዘ። ልጁም ያለ ደም አልጋውን ወረሰ።

እንግዲህ ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ስለ ሞት መናገር ሞትን አይጠራም፤ ዝም ማለትም አያስቀረውም። አባት የሚተወው ትልቁ ሀብት ቤት ወይም ዙፋን አይደለም፤ ልጆቹ ከሞቱ በኋላ ተያይተው እንዳይፋሩ የሚያደርግ የተገለጠ ቃል ነው።

እኔም በሰው ፈረድሁ እንጂ የራሴን ኑዛዜ «ገና ነው» እያልሁ ከዓመት ወደ ዓመት ሳስተላልፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። በሚቀጥለው እሑድ ልጆቼን ሰብስቤ፥ ሁለት ጎረቤቶቼን ምስክር አስቀምጬ ቃሌን ተናገርሁ። ትንሽ ተላቀስን፤ ከዚያም አብረን ምሳ በላን።