በኔፓል የሚኖሩ የውጭ አገር ሠራተኞች የቤተሰብ ኑሮ

የራና መሳፍንት ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1951 እስካከተመ ድረስ ኔፓል በሯን ለባዕዳን ዘግታ የኖረች አገር ስለ ነበረች፣ በዚያ የሚያገለግሉ የውጭ ሐኪሞች፣ መምህራንና መሐንዲሶች ከነቤተሰባቸው መኖር የጀመሩት በአመዛኙ ከዚያ ወዲህ ነው። ከቀዳሚዎቹ መካከል አሜሪካዊው የአዕዋፍ ሊቅ ሮበርት ፍሌሚንግና ሐኪሟ ባለቤታቸው ቤቴል ይገኛሉ፤ እርሳቸው አዕዋፍን ሊመረምሩ በገቡበት ምድር እመት ቤቴል ድውያንን ለመፈወስ ተነሥተው፣ ሻንታ ብሃዋን የተባለው የመሳፍንት ቤተ መንግሥት በካትማንዱ ሸለቆ ሆስፒታል እንዲሆን ደክመዋል። ልጃቸውም የአባቱን ጥበብ ወርሶ፣ በ1976 ስለ ኔፓል አዕዋፍ የታተመውን መጽሐፍ ከአባቱ ጋር አዘጋጅቷል።

በባዕድ አገር ኑሮ ካጋጠማቸው መከራ ሁሉ ይልቅ የወላጆችን ልብ ያደማው ግን የልጆች ትምህርት ነበር፤ በካትማንዱ የሊንከን ትምህርት ቤት በ1954 ቢቋቋምም፣ በሩቅ ገጠር የሚያገለግሉ ብዙዎች ልጆቻቸውን በሕንድ ሙሱሪ ወዳለው የዉድስቶክ አዳሪ ትምህርት ቤት ይልኩ ስለ ነበር፣ እናትና ልጅ ለወራት ተለያይተው ይኖሩ ነበር፤ ይህም ሊዘነጋ የማይገባው መሥዋዕት ነው።

ቤተሰቦቹ ከአገሩ የጊዜ ሥርዓት ጋርም መላመድ ነበረባቸው፤ የዘመን አቈጣጠሩ፣ ቢክራም ሳምባት፣ ከአውሮፓው በ57 ዓመት ገደማ ይቀድማል። እንዲሁም ለብዙ ዘመን የሳምንቱ ዕረፍት ቀዳሚት ሰንበት በመሆኗ፣ ክርስቲያን ቤተሰቦች ከአገሬው ምእመናን ጋር ለጸሎት የሚሰበሰቡት በዚያችው ዕለት ነው።