ዜና ኤረንበርግ ወሄምፕሪክ፤ የቀይ ባሕር የውሃ ሽበት ስም ያገኘበት

በዘመነ መሳፍንት፣ አፄ ጊጋር በጎንደር ዙፋን ተቀምጠው ሥልጣኑ ግን በመሳፍንቱ እጅ በነበረበት ወራት፣ ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግና ቪልሄልም ሄምፕሪክ የተባሉ ሁለት የፕሩስያ ወጣቶች፣ የእንስሳቱንና የዕፀዋቱን ወገን ሊመረምሩ በግብፅና በኖባ አልፈው ወደ ቀይ ባሕር ወረዱ።

በ1816 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን፣ ኤረንበርግ በሲና ምድር በኤል ቱር ወደብ ሳለ ውሃው ደም መስሎ ታየው። ከኮራሉ ድንጋይ ወዲያ ያለው ጥልቅ ባሕር እንደ ወትሮው ሲሆን፣ ማዕበሉ ቀስ እያለ ቀይ ዝልግልግ ነገር ወደ ዳር ይገፋና በአሸዋው ላይ እንደ መቀነት ዘርግቶ ይተወው ነበር። በኦሪት ዘጸአት የተነገረውን መቅሠፍት ያነበበ ሰው ይህን ቢያይ አማትቦ ባለፈ ነበር፤ እርሱ ግን ከውሃው በብርጭቆ ቀድቶ ጠበቀ። በውስጡም በጭንቅ የሚታዩ የቀጫጭን ክሮች እስሮች በቀን ሙቀት ወደ ላይ ሲንሳፈፉ፣ ሌሊትና ብርጭቆው ሲነቀነቅ ሲዘቅጡ፣ ጥቂት ቆይተውም ሲመለሱ አየ፤ ስለዚህ ቀለሙ የአፈር ሳይሆን የሕያው ፍጥረት መሆኑን ተረዳ። በእኔ ፍርድ ከጉዞው ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ትዕግሥት ነው።

በማግሥቱ ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጓደኛሞቹ ምጽዋ ደረሱ። ሄምፕሪክም በዚያ ቆላ ንዳድ ይዞት፣ 29 ዓመት በሞላው በስድስተኛው ቀን፣ ሰኔ 24 ቀን 1817 ዓ.ም. አረፈ።

ኤረንበርግ ብቻውን ወደ በርሊን ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1830 ያን ፍጥረት ትሪኮዴስሚየም ኤሪትሬየም ብሎ ሰየመው፤ አዲስ ወገን መሆኑን ገልጾም ከኦሲላቶሪያ ዘመዶች ጋር አኖረው። ከሟቹ ጋር ለሰበሰቧቸው ለብዙዎቹ እንስሳት ስም ሲያወጣም የሄምፕሪክን ስም ከራሱ ስም ጋር አያይዞ ጻፈ፤ ይህም ቅንነቱ በሊቅነቱ ላይ የተጨመረ ክብር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1892 ፈረንሳዊው ሞሪስ ጎሞን ምደባውን እንደገና መርምሮ ስሙን አጸና። የኋላ ሊቃውንት ደግሞ የሕዋሱን ጠባይ አይተው ከአልጌ ወገን አውጥተው ከባክቴሪያ ጋር ቈጠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1961ም ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጅን ለራሱ ሲሳይ እንደሚያደርግና ድኻ የሆነውን ባሕር እንደሚመግብ ታወቀ።