አናሎግ የቪዲዮ ምስልን ለከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን ወደ ዲጂታል መቀየር

በቦሌ፣ በገርጂና በሲኤምሲ አካባቢ በሚገኙ መኖሪያ ቤቶች የሠርግና የክርስትና ምስል የያዙ የቪኤችኤስ ካሴቶች የቤተሰብ ቅርስ ሆነው ተቀምጠዋል። ሆኖም የካሴቱ ክር በዕድሜ ብዛት ይበላሻል፤ የመጨረሻው የማጫወቻ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያም ምርቱን በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም አቁሟል። በመሆኑም ምስሉን ወደ ዲጂታል የመቀየሩ ተግባር ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

በኢትዮጵያ የተቀረጸ ካሴት በአብዛኛው የፓል ሥርዓትን የተከተለ ሲሆን፣ ምስሉ 625 መስመሮችና በሴኮንድ 25 ፍሬሞች አሉት። አሜሪካ ከሚኖር ዘመድ የተላከው ግን በአብዛኛው 525 መስመሮች ባሉት የኤንቲኤስሲ ሥርዓት የተቀረጸ በመሆኑ፣ ማጫወቻው ሁለቱንም የሚያነብ መሆን ይኖርበታል።

መቀየሪያ መሣሪያው የኤሌክትሪክ ሞገዱን በሴኮንድ 13.5 ሚሊዮን ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በዚህ መሠረት የፓል ምስል 720 በ576 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ባለ ከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን ደግሞ 1920 በ1080 ነጥቦች አሉት። ቴሌቪዥኑ ልዩነቱን የሚሞላው በስሌት ብቻ በመሆኑ፣ ካሜራው ያልቀረጸው ዝርዝር አይገኝም። የ4 በ3 ምስልም ስክሪኑን እንዲሞላ ሲለጠጥ የሰዎችን መልክ ስለሚያዛባ፣ በግራና በቀኝ ጥቁር ጠርዝ ትቶ ማሳየት ይመረጣል። ከተቀየረ በኋላም ዋናውን ካሴት አለመጣል ተገቢ ነው።