ውል የዘጋው ደጅ

በፈረንጆቹ 1937 ካርል ሃንስቤሪ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነጋዴ በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል፣ በሮድስ ጎዳና ቁጥር 6140 ላይ የሚገኘውን የጡብ ቤት ገዛ። ዋጋውን ከፍሎ፣ ቁልፉን ተረክቦ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገባ። የሰፈሩ ባለቤቶች ግን ለጥቁር ሰው ላለመሸጥና ላለማከራየት የተፈራረሙበት ውል በእጃቸው ነበር። ቤተሰቡ በገባ ሰሞን ደጃፉ ላይ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ በመስኮት የተወረወረ ጡብ የመጨረሻዋን ልጅ ሎሬንን ለጥቂት ሳታት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድና ስትመለስ ይተፉባትና ይመቷት ነበር። አባትየው በፍርድ ቤት ሲሟገት እናትየዋ ናኒ ጥይት የጎረሰ የጀርመን ሽጉጥ ይዛ ሌሊቱን ሙሉ ቤቱን ስትጠብቅ ታድር ነበር።

ያቺ ልጅ ከሃያ ዓመታት በኋላ አሜሪካውያን ስለ ቤት ካላቸው ተውኔቶች ሁሉ ትልቁን ጻፈች።

የራስ ቤት ምኞት በአሜሪካ የቆየ ነው፤ መንግሥትም ራሱ ሲያቀጣጥለው ኖሯል። በ1862 የወጣው ሕግ አምስት ዓመት ኖሮበት ላረሰው ሰው 160 ኤከር መሬት በነጻ እሰጣለሁ ብሎ ብዙ ሺህ ቤተሰቦችን ወደ ምዕራብ አንቀሳቅሷል። ከዚያ ወዲህ ቤት ያለው ሰው ሙሉ ዜጋ፣ ቤት የሌለው ደግሞ ገና መንገደኛ ተደርጎ መቆጠሩ ልማድ ሆነ። ሥነ ጽሑፉም ይህን ምኞት ተከትሎ ሄዷል። በ1949 መድረክ ላይ በወጣው የአርተር ሚለር «የሻጩ ሞት» ውስጥ የቤቱ ዕዳ የመጨረሻ ክፍያ የሚጠናቀቀው ባለቤቱ በሚቀበርበት ቀን ነው። የሚለር ተውኔት ታላቅ ነው፤ ሰውየውን የሚያጠፋው ግን በአብዛኛው የገዛ ራሱ ቅዠት ነው። በቺካጎ ደቡብ ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች ተስፋ የተቆረጠው በሌላ መንገድ ነበር፤ በወረቀት፣ በማኅተምና በፊርማ።

የውሉ ታሪክ ከስደት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮች የደቡብን ግፍና የጥጥ እርሻ ትተው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ተሰደዋል። በ1910 በቺካጎ 44 ሺህ ያህል ጥቁሮች ነበሩ፤ በ1940 ቁጥራቸው 278 ሺህ ገደማ ደረሰ። የሚኖሩበት ቦታ ግን በዚያው ልክ አልሰፋም። በ1919 የበጋ ወራት የተነሳው የዘር ግጭት 38 ሰዎችን ገደለ። ከተሞች ሰፈርን በዘር የሚከፍል ደንብ እንዳያወጡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 ከልክሎ ስለነበር የቤት ባለቤቶችና ደላሎች ዘዴውን ቀየሩት። ከተማው የማይችለውን ባለቤቶቹ በግል ውል ፈጸሙት። በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋሽንግተን ከተማ በአንድ ቤት ላይ የተነሳን ክርክር ሲያይ እንዲህ ያለው የግል ውል ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም አለ። ከዚያ በኋላ የእገዳ ውል በብዙ ከተሞች የቤት ሽያጭ መደበኛ ወረቀት ሆነ።

ለጥቁሮች በተተወው ጠባብ ሰፈር ውስጥ «ኪችኔት» የሚባል መኖሪያ ተስፋፋ። ባለንብረቶች አንዱን ሰፊ አፓርታማ በቀጭን ግድግዳ ይከፋፍሉና በየክፍሉ አንድ ምድጃ አስገብተው ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል ያከራያሉ፤ መጸዳጃው ለፎቁ ሁሉ የጋራ ነው። የሪቻርድ ራይት «የአገር ልጅ» የተሰኘው የ1940 ልብ ወለድ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ አራት የቤተሰብ አባላት ከአይጥ ጋር ሲታገሉ ነው። የክፍሉ ኪራይ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ለጥቁር ወጣቶች የጠረጴዛ ቴኒስ በሚለግሰው ደግ መሳይ ባለጸጋ ኪስ ነው። ገጣሚዋ ግዌንዶሊን ብሩክስም በ1945 ባሳተመችው የመጀመሪያ መጽሐፏ የእነዚህን ክፍሎች ኑሮ ጽፋለች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የፑሊትዘር ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ እውነት አለ። ካርል ሃንስቤሪ ሀብቱን ያፈራው በእነዚሁ ኪችኔቶች ነበር። ከሚሲሲፒ መጥቶ፣ ቤት ከፋፍሎ እያከራየ ባለጸጋ የሆነ ሰው ነው። ይህ ግን የተከራከረለትን ጉዳይ አያሳንሰውም። ባለጸጋው እንኳ ከታጠረው ሰፈር መውጣት ካልቻለ አንድ ክፍል የተከራየው ወዛደርማ ምን ዕድል ነበረው?

አና ሊ የተባለች ጎረቤትና ሌሎች ባለቤቶች ሃንስቤሪ ከቤቱ እንዲወጣ ከሰሱት። ውሉ የሚጸናው የ95 በመቶው ይዞታ ባለቤቶች ከፈረሙ ብቻ እንደሆነ ራሱ ይናገራል፤ የፈረሙት ግን 54 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይሁንና ቀደም ሲል በሌላ ክስ ሁለቱ ወገኖች 95 በመቶው ፈርሟል ብለው ተስማምተው ስለነበር የኢሊኖይ ፍርድ ቤቶች ያ ሐሰት ሁሉንም ያስራል ብለው ለከሳሾች ፈረዱ። ጉዳዩ በይግባኝ ዋሽንግተን ደረሰ። ኅዳር 1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረ፤ ምክንያቱ ግን ጠባብ ነበር። በቀድሞው ክርክር ያልነበረና ያልተወከለ ሰው በዚያ ፍርድ ሊታሰር አይችልም አለ እንጂ በዘር ላይ የቆመ ውል ሕገ ወጥ ነው አላለም። ፍርድ ቤቶች ውሉን የማስፈጸም ሥልጣናቸውን እስኪነፈጉ ስምንት ዓመት ፈጀ፤ በ1948 ከሴንት ሉዊስ በመጣ ሌላ ክስ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ ታገዱ።

ካርል ያን ቀን አላየም። ቤቱን አሸንፏል፤ አገሩ ግን አስመርራዋለች። ቤተሰቡን ይዞ ሜክሲኮ ለመኖር ሲዘጋጅ እዚያው በ1946 ሞተ። ልጁ በኋላ ስትጽፍ አባቷ ሕግን አምኖ፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን አፍስሶ ያሸነፈው ክስ ምን እንዳተረፈለት በምሬት ጠይቃለች።

«ዘቢብ በፀሐይ» የተሰኘው የሎሬን ሃንስቤሪ ተውኔት መጋቢት 11 ቀን 1959 በኒውዮርክ ብሮድዌይ ተከፈተ። በዚያ መድረክ ሥራዋ የታየላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጸሐፌ ተውኔት እሷ ናት፤ አዘጋጁ ሎይድ ሪቻርድስም በብሮድዌይ የመጀመሪያው ጥቁር አዘጋጅ ነበር። ሲድኒ ፖይቲዬ፣ ሩቢ ዲና ክላውዲያ ማክኒል ተውነውበታል። 530 ጊዜ ታየ። ርእሱን ያገኘችው በ1951 ከታተመ የላንግስተን ሂውዝ ግጥም ነው፤ ግጥሙ ሲጓተት የኖረ ሕልም መጨረሻው ምን እንደሚሆን ይጠይቃል።

ታሪኩ የሚያጠነጥነው በቺካጎ ደቡብ በተጨናነቀ አፓርታማ በሚኖሩት የያንገር ቤተሰቦች ላይ ነው። አባት ሞቶ የ10,000 ዶላር የሕይወት ኢንሹራንስ ክፍያ እየተጠበቀ ነው። ልጅየው ዋልተር ከሾፌርነት ወጥቶ የመጠጥ መሸጫ ሱቅ መክፈት ይመኛል፤ እህቱ ቤኒያታ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ እናት ሊና ግን ፀሐይ የሚገባበት ቤት እንዲኖራቸው ትሻለች። 3,500 ዶላር ቅድመ ክፍያ ከፍላ ነጮች በሚኖሩበት ሰፈር ቤት ትገዛለች። የተረፈውን ዋልተር ለንግድ ሸሪኩ አምኖ ሰጥቶ ይዘረፋል። በዚህ መካከል የሰፈሩ ማኅበር ተወካይ በጨዋ አንደበት ይመጣል፤ አይሳደብም፣ ጡብም አይወረውርም፤ ቤቱን በትርፍ እንግዛችሁ ይላል። ሃንስቤሪ ከልጅነቷ ቤት ያመጣችው ይህን ሰው ነው። በወረቀት የተሰናዳው ጥላቻ እንዲህ ለስለስ ብሎ ሲናገር ያሳየ ተውኔት ከዚያ በፊት በብሮድዌይ እምብዛም አልታየም።

ቤተሰቡ ገንዘቡን አልቀበልም ብሎ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ብዙ ተቺዎች ይህን አስደሳች ፍጻሜ ብለው አጨበጨቡለት። ደራሲዋ ግን አልተቀበለችውም፤ እነዚህ ሰዎች በሚሄዱበት ሰፈር ምን እንደሚጠብቃቸው ታውቅ ነበር። ቀደም ባለው ረቂቋ ቤተሰቡ አዲሱ ቤት ውስጥ በጨለማ መሣሪያ ይዞ ጥቃት ሲጠብቅ ይታይ ነበር። ማጋነን አይደለም። በሐምሌ 1951 ከቺካጎ አጠገብ በሲሴሮ ከተማ አንድ ጥቁር የጦርነት ዘማች ቤተሰቡን ይዞ አፓርታማ ሊገባ ሲል በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሕንጻውን አወደመ፤ አገረ ገዥው ብሔራዊ ዘብ ለማዝመት ተገደዱ።

የመንግሥት እጅ ደግሞ ከሕዝቡ እጅ ይበልጥ ረዘመ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ባንኮች ለቤት መግዣ ለሚያበድሩት ገንዘብ ዋስ ሆኖ የነጮችን ሰፈሮች አስፋፋ፤ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ግን አደገኛ ብሎ ከዋስትናው አስወጣ። ከጦርነቱ በኋላ በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ዊልያም ሌቪት ከ17 ሺህ በላይ ቤቶችን ሲሠራ ለጥቁር አልሸጠም። የባንክ ብድር የተነፈገው የቺካጎ ጥቁር ገዢ ደላላ እጅ ወደቀ። ደላላው ቤቱን በርካሽ ገዝቶ በእጥፍ ዋጋ በወር በወር ክፍያ ይሸጥለታል፤ የባለቤትነት ሰነዱ ግን የመጨረሻው ክፍያ እስኪያልቅ በሻጩ እጅ ይቆያል። አንድ ወር ካሳለፈ ቤቱንም የከፈለውንም ያጣል፤ ሻጩም ያንኑ ቤት ለሌላ ይሸጠዋል። በ1968 እነዚህ ገዢዎች ተደራጅተው ክፍያ አንሰጥም ብለው አመጹ። በ2019 የወጣ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በዚህ ዘዴ ከቺካጎ ጥቁሮች የተነጠቀውን ሀብት ከ3 እስከ 4 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1966 ከእነዚህ ሰፈሮች በአንዱ ቤት ተከራይተው ገቡ። በነሐሴ ወር በማርኬት ፓርክ ሰልፍ ሲመሩ በድንጋይ ጭንቅላታቸውን ተመቱ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የሚደረግን የዘር አድልዎ የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የተፈረመው እርሳቸው በተገደሉ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1968 ነው።

ሎሬን በ1965 በ34 ዓመቷ አርፋለች። ለኢትዮጵያ አንባቢ የዚህ ቤተሰብ ስም እንግዳ መሆን አይገባውም። የካርል ወንድም ፕሮፌሰር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ ያስተማሩ ምሁር ናቸው። በ1934፣ ኢጣሊያ ልትወር ስትዘጋጅ፣ በዚያው ሕክምና ይማሩ ከነበሩት ከመላኩ በያን ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤን መሠረቱ። በ1964 ደግሞ በአፍሪካ ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። የወንድማቸው ልጅም በተውኔቷ ውስጥ ዋልተር ሰክሮ በአፍሪካ ከበሮ ሲጨፍር ስለ ኢትዮጵያ የተነገረውን የዳዊት መዝሙር ቃል እንዲጮኽ አድርጋለች። አንዱ ወንድም በቺካጎ ለቤቱ ሲሟገት ሌላው በዋሽንግተን የአፍሪካን ታሪክ ያስመልስ ነበር።

ከዘመናት በኋላ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የዚህ ታሪክ ነዋሪዎች ሆኑ። አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ትንሽ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ስደተኛን ይተርካል። አባቱ በቀይ ሽብር የተገደለበት ሴፋ ስቴፋኖስ በአጠገቡ አንዲት ነጭ ምሁር የተጎሳቆለ ትልቅ ቤት ገዝታ ስታድስ ያያል። ቤቱ ሲያምር ሰፈሩ ይወደዳል፤ ድሆቹ ጎረቤቶች ከቤታቸው መባረር ይጀምራሉ፤ በመጨረሻም ቤቱ ይቃጠላል። መንግሥቱ የሚያዝነው ለሁሉም ነው፤ ትልቁ ብርታቱም እዚያ ላይ ነው። በቺካጎ ጥቁሩ እንዳይገባ የከለከለው ውል ነበር፤ በሎጋን ሰርክል የሚያስወጣው የቤት ኪራይ ሆነ።

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው የሚኖሩበት የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ሲቆረቆር በብዙ ሰፈሮቹ የባለቤትነት ሰነድ ላይ ጥቁሮችን የሚከለክል አንቀጽ ተጽፎ ነበር። አንቀጹ ዛሬ ኃይል የለውም፤ በብዙ መዝገቦች ውስጥ ግን ቃሉ እንዳለ ተቀምጧል። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሕግ ባለቤቱ እንዲያሰርዘው ይፈቅዳል። በዚያ አካባቢ አሮጌ ቤት የገዛችሁ ወገኖች የቤታችሁን ጥንታዊ ሰነድ ከካውንቲው የመሬት መዝገብ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ አንቀጹ ካለበትም ከማሰረዛችሁ በፊት ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።