የኮሶ ቀን

በሽታውም መድኃኒቱም ስማቸው አንድ ነው፤ ኮሶ። ትሉ ከጥሬ ሥጋ ይመጣል፣ ጥሬ ሥጋ ደግሞ አይተውም። ስለዚህ የዛፉ ደረቅ አበባ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከዚያ ቁርጠትና ሩጫ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ሰው በየወሩ ኮሶ እንደሚጠጣና የጠጣ ዕለት እስከ ማታ ከሰው እንደማይገናኝ ጽፏል። ኮሶ የጠጣን ሰው ማን ለሥራ ይጠራዋል? ለግማሽ ቀን እረፍት ፎርም የምንሞላ ሰዎች ብንቀና አይፈረድብንም። ዛሬማ ክኒን ውጠህ ቢሮ ትገባለህ።

ሻጯ ግን ትናቅ ነበር። የዓፄ ቴዎድሮስ (1847–1860) እናት ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል፤ ጠላቶቻቸውም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር። ተሳዳቢዎቹ ራሳቸው ኮሶ ሳይጠጡ የሚከርሙ አልነበሩም።